የዜማ መምህሩ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

አንባቢ ሆይ፤ በቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ክህነት ያልነበራቸውን፥ የዕድሜያቸውንም እኩሌታ ያህል በባዕድ አገር ያሳለፉትን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ስታገኝ፥ ይህ ከደብራችን በዓል ጋር ምን ያገናኘዋል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዘመሮና በመንዝ ደጋ ሁሉ በበዓላት ሌሊት ከበሮና ጸናጽል ይዘን የምንቆምለት ዜማ፥ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲወርድ የኖረ ነው። ይህ ዜማ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ እንደ ታላቅ ጥበብ ተቆጥሮ ይጠና ዘንድ ቀድመው ከደከሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። የሕይወታቸውም ነገር፥ የዜማ መምህር ማን ነው? ማዕርጉንስ የሚሰጠው ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ በፊታችን ያቆመዋል። ስለዚህ የካህናቱን ታሪክ ሌሎች ወንድሞች ሲጽፉ እኔ ይህን መረጥሁ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአገራችን የሆነው ነገር በእኛ አቆጣጠር፥ በውጭ አገር የሆነው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ተመልክቷልና የዓመቱ መለያየት አንባቢውን አያደናግረው።

አሸናፊ ከበደ በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። ይህ ዓመት ኢጣልያ አገራችንን በግፍ የያዘበት ዘመን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ነበሩ፤ በመንዝና በተጉለት ገደላገደልም አርበኞች በዱር በገደሉ ይዋደቁ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ሆኖ ንጉሡ ሲመለሱ ሕፃኑ አሸናፊ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እንግዲህ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ፊደል ከቆጠሩትና ወደ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ከተላኩት ትውልድ የሚቈጠሩ ናቸው። ከዚያ ትውልድ ብዙው ሕግን፥ ሕክምናን፥ ምህንድስናን ሲመርጥ እርሳቸው ሙዚቃን መረጡ። በዚያ ጊዜ ይህ ምርጫ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚያስደስት ነገር አልነበረም፤ ሙዚቃ የአዝማሪ ሥራ ነው እየተባለ ይናቅ ነበርና።

ሥራቸውን ለመረዳት ከእርሳቸው በፊት ሙዚቃ በኢትዮጵያ እንዴት ይሰጥ እንደ ነበረ አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሙዚቃ ትምህርት በሁለት ቤት ይሰጥ ነበር፤ አንደኛው ቤት የቤተ ክህነት ነው። ለካህናት አንባቢዎቼ ይህን መንገር ለባለቤቱ ርስቱን ማሳየት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ከአዲስ አበባና ከሌላ አገር ሆነው የሚያነቡ የደብሩ ልጆች አሉና በአጭሩ ላውሳው። ልጁ ንባብና ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። ጾመ ድጓን፥ ምዕራፍን፥ ድጓን ይማራል። ዝማሬና መዋሥዕት ለሚሻ መንገዱ ወደ ዙር አምባ ነው፤ ቅዳሴ ለሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፤ አቋቋም ለሚሻ ወደ ጎንደር። ድጓን አስመስክሮ መምህር ለመባል ደግሞ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ታላቅ ስም አላት። ከጎረቤታችን ከተጉለት ስም የተሰየመ የዜማ ስልት መኖሩንም የመንዝ ሰው ሊረሳው አይገባም። ተማሪው በቆሎና በቁራሽ እንጀራ እየኖረ፥ ውሻ እየነከሰው፥ ብዙ ዓመት ይደክማል፤ በመጨረሻም የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ጽፎ ምልክቱን ያኖርበታል። ይህ ትምህርት ዲፕሎማ የሚባል ወረቀት አይሰጥም እንጂ በዘመኑ ርዝመትና በፈተናው ጽናት ከማናቸውም የኤውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያንስ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቤት የቤተ መንግሥት ነበረ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ አርባ ልጆች የሚባሉት ናቸው። የእነርሱ መምህር አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንድያን፥ እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር የኖረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ደክመዋል። እንግዲህ በዚህ በሁለተኛው ቤት ከመምህራኑ የሚበልጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሚማረውም የኤውሮፓ ኖታ ነበረ። ሁለቱ ቤቶች በአንድ አገር፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር። መሪጌታው ኖታ አያውቅም፤ ባለ ኖታው ድጓ አያውቅም።

አሸናፊ ከበደ የተነሡት በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ነው። ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ይህን ትምህርት ቤት በ1921 ያቋቋመው ኮዳክ የተባለውን የፎቶግራፍ ፋብሪካ የመሠረተው ጆርጅ ኢስትማን ነው፤ ከፎቶግራፍ ፊልም በተገኘ ሀብት ስንት ሙዚቀኛ እንደ ተማረበት ማሰብ ያስደንቃል። በ1962 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በተመለሱም ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ፥ ከ1955 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፥ ኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም ለተጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። እስከ 1960 ዓ.ም. ገደማም በዚህ ሥራ ላይ ቆዩ። ስለ ትምህርት ቤቱ ስም ትንሽ ልቆይ። የኤውሮፓን ፒያኖና ቫዮሊን ለሚያስተምር ቤት የድጓን ደራሲ ስም መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ክብር ነው፤ ዕዳም ነው። በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራ ቤት የያሬድን ዜማ የማያውቅ ቢሆን ስሙ ይከሰዋልና።

ቅዱስ ያሬድ ራሱ፥ ገድሉ እንደሚነግረን፥ በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት ተገርፎ የኮበለለ ልጅ ነበረ። በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣና ሲወድቅ፥ እንደገናም ሲወጣ አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝን፥ ዕዝልንና ዓራራይን አሰምቶ የኢትዮጵያ የዜማ አባት ሆነ። የሕይወቱንም ፍጻሜ ያደረገው በተወለደበት በአክሱም ሳይሆን በሰሜን ተራራ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ።

አሸናፊ ከበደ ዲሬክተር ብቻ አልነበሩም፤ ደራሲም ነበሩ። ከድርሰቶቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው ስለ አንድ ባለ ዋሽንት እረኛ በኦርኬስትራ የተደረሰው ነው። በ1967 የሃንጋሪ መንግሥት ኦርኬስትራ በእርሳቸው መሪነት ተጫውቶታል። እኛ የመንዝ ሰዎች የዚህን ድርሰት ስም ስንሰማ ማንም ትርጓሜ እንዲያመጣልን አያስፈልገንም። ባና ተከናንቦ በጓሳ ሜዳ ላይ በጉን እየጠበቀ፥ ብርዱን በዋሽንት የሚረሳ ልጅ በየቀበሌያችን አለ። አራትና አምስት ቀዳዳ ባለው ሸምበቆ የሚነፋው ያ ዜማ በኤውሮፓ ታላላቅ መሣሪያዎች መካከል ገብቶ፥ ኮትና ክራቫት በለበሱ ሰዎች እጅ፥ ኢትዮጵያን በማያውቅ ሕዝብ አገር ተሰማ። ኋላም ለዋሽንትና ለክላሪኔት፥ ለቫዮሊንና ለጃፓኖች ኮቶ አንድ ድርሰት ደርሰዋል፤ ኮቶ ማለት እንደ በገና አውታሩ የሚመታ፥ ነገር ግን መሬት ላይ ተጋድሞ የሚደረደር የጃፓን መሣሪያ ነው። በወጣትነታቸውም በእንግሊዝኛ አንድ ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ የመጽሐፉ ስም በእኛ ቋንቋ ኑዛዜ ማለት ነው።

ድርሰቱን የተጫወተው የሃንጋሪ ኦርኬስትራ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በዚያ አገር ዞልታን ኮዳይ የሚባሉ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ከ1905 ጀምሮ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተሸክመው በየገጠሩ እየዞሩ፥ ከባላገር ሴቶችና ከሽማግሌዎች አፍ የአገራቸውን ዜማ በሰም ላይ እየቀዱ ሰበሰቡ፤ ከዚያም በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ ለተማሪዎቻቸው አስተማሩት። ቤላ ባርቶክ የተባሉት ጓደኛቸውም እንዲሁ አድርገዋል። ከእነርሱ በፊት ግን የሃንጋሪ ሊቃውንት ሙዚቃ የሚሉት በአብዛኛው ከጀርመን አገር የመጣውን ነበረ፤ የባላገሩ ዜማ እንደ ጩኸት ይቈጠር ነበር። ኮዳይ የሞቱት የአሸናፊ ድርሰት በተሰማበት በዚያው በ1967 ነው። የኢትዮጵያዊውን መምህር ሥራ ለሚመለከት ሰው የሁለቱ መንገድ አንድ መሆኑ ግልጥ ነው፤ የሚለያዩት ኮዳይ አዳራሹን በገዛ አገራቸው ስላገኙት ብቻ ነው።

አሸናፊ ከበደ ለበለጠ ትምህርት እንደገና ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኮነቲከት ግዛት በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 የማስትሬት፥ በ1971 የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። የዶክትሬታቸው ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ፥ ስለ ዕድገቱና ስለ ባህላዊ ዐውዱ ነበረ። የተማሩትም ጥበብ ኤትኖሙዚኮሎጂ የሚባለው፥ የሕዝቦችን ሙዚቃ ከኑሯቸውና ከእምነታቸው ጋር አያይዞ የሚመረምር ትምህርት ነው።

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ልብ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ዌስሊያን ከሕንድና ከጃቫ ደሴት የአገራቸውን ዜማ ከአባቶቻቸው የወረሱ የሙዚቃ ሊቃውንት አስመጥቶ፥ እንደ ሌሎቹ መምህራን ያስተምሩ ዘንድ ያደርግ ነበር። እነዚህ ሰዎች መምህራን የሆኑት በኤውሮፓ ስለተማሩ አልነበረም፤ ጥበቡን በእጃቸውና በጉሮሯቸው ይዘው ስለመጡ ነው። ተማሪዎቹም በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስትሰማ በልብህ ምን መጣብህ? በእኔ ልብ የመጣው፥ የቤተ ልሔም መሪጌታ ወይም የተጉለትን ዜማ የሚያውቅ አንድ የመንዝ አረጋዊ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የሕንዱ ሊቅ ከተቀመጠበት ስፍራ የእኛው ሊቅ የማይቀመጥበት ምክንያት የለም።

ከዚህ በኋላ የጻፏቸው ጽሑፎች ብዙዎች ናቸው። በ1975 ስለ አዝማሪ፥ በ1977 ስለ ክራር ጽፈዋል። የክራሩ ጽሑፍ ርእስ ካህናትን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም፤ ክራርን የሰይጣን መሣሪያ ይለዋልና። ይህ ስም ከጸሓፊው ራስ የወጣ አይደለም፤ ከአገራችን ልማድ የተወሰደ ነው። በእኛ ዘንድ ዐሥር አውታር ያለው በገና የነቢዩ የዳዊት መሣሪያ ተብሎ በጾም ጊዜ ለምስጋና ሲደረደር፥ ክራር ግን ለዘፈንና ለመጠጥ ቤት የተተወ ነው እየተባለ ኖሯል። ሁለቱ ግን በአሠራራቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቀንበርና ምሰሶ፥ ሁለቱም የሚንቀጠቀጥ አውታር አላቸው። አንዱን ወደ ቅድስና፥ አንዱን ወደ ኃጢአት የወሰደው እንጨቱ ሳይሆን የሰው ልማድ ነው። እኔ በዚህ ነገር ከአባቶች ጋር ክርክር አልገጥምም፤ ዘፈን በመቅደስ ይግባ የሚል ሐሳብም የለኝም። ይሁን እንጂ የተናቀውን መሣሪያ እንደ ተከበረው በትክክል መርምሮ መጻፍ የእውነተኛ መምህር ጠባይ ነው እላለሁ። የአዝማሪዎችንም ዜማ በሸክላ አሳትመው ለዓለም አሰምተዋል።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ1980 ስለ ቅዱስ ዜማ የጻፉት ነው። በዚያ ጽሑፍ የኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዜማና የቤተ እስራኤልን ዜማ ጎን ለጎን አኑረው መረመሩ። የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ ለውጭ አገር ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የኤውሮፓ ኖታ በአምስት መስመር ላይ እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከወረቀቱ አንብቦ ሊያወጣው ይችላል። የእኛ ምልክት ግን እንዲህ አይደለም። ይዘት፥ ደረት፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ርክርክ፥ ሂደትና ቍርጥ የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ፤ ከቃሉ ራስ ላይ በቀይና በጥቁር የሚጻፉት በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች ደግሞ ቀድሞ በጆሮ የተማርነውን ሙሉ ዜማ ያስታውሱናል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጀው ይህ ሥርዓት መምህር ለሌለው ሰው የተዘጋ በር ነው። ብራናው ያለ መሪጌታው አይናገርም። እንግዲህ መሪጌታው ሳያስተምር ቢሞት ድጓው በዕቃ ቤት ቢገኝም ዜማው ጠፍቷል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ በፕሮፌሰር አሸናፊ ሥራ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገራለሁ። ጥፋቱም የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ስለ ዜማችን የጻፉት በእንግሊዝኛ ቋንቋ፥ በውጭ አገር መጽሔቶች ነው፤ ዜማውን የሚያውቁት መሪጌቶች ግን ያን ቋንቋ አያነቡም። እንዲሁም ከ1993 እስከ 1997 ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፥ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ፥ በሦስት ክፍል ያሳተሙት የኢትዮጵያ የቅዳሴና የማሕሌት ዜማ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስለ እኛ የተጻፈውን እኛ ሳናነበው ሌላው ያነበዋል። መሪጌታው ስሕተት ቢያይበት ሊያርመው፥ መልካም ቢያገኝበት ሊመርቀው አልቻለም።

አሸናፊ ከበደ ዶክተር ከሆኑ በኋላ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሆኑ። በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ ኮሌጅ፥ ከዚያም በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ከ1980 ጀምሮ የፍሎሪዳ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው የጥቁር አሜሪካውያንን ባህል የሚያጠናውን ማዕከል መሩ። በ1982 ያሳተሙት መጽሐፍ የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥር ከአፍሪካ እስከ አሜሪካ እንዴት እንደ ተዘረጋ የሚናገር ነው፤ የአፍሪካን ዘፈን፥ መሣሪያና ጭፈራ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አያይዞ ያስረዳል። በዚህ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ለብቻዋ የቆመች ደሴት ሳትሆን ከአፍሪካ ቤተ ሰብ አንዷ ሆና ትታያለች።

በአገራቸው ደግሞ በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈንድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተማሩ ሰዎች እንዴት እንደ ተበተኑ፥ ስንቶቹም እንደ ሞቱ የማያውቅ የለም። ያሬድ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት መምህር የቀረውን ዕድሜያቸውን የባዕድ ልጆች ሲያስተምሩ ፈጸሙ። ስለዚህ ነው ቀደም ብዬ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ርቆ በሰሜን እንዳረፈ በልብ እንዲያዝልኝ የለመንሁት። ሰውን ከቅዱስ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ይህች አገር ዜማ ያስተማራትን ሰው በቅርብ ለማቆየት ሁልጊዜ እንዳልታደለች ለማሳየት ነው።

የመሠረቱት ቤት ግን አልጠፋም። ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ፥ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ክራርን፥ መሰንቆን፥ ዋሽንትንና በገናን ያስተማረ ቤት ሆነ። ባለ መሰንቆ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ተቀመጠ። ባለ ድጓስ? በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት የደብራችን ሽማግሌዎች ሲሰበሰቡ ይህን ጥያቄ ቢያነሡልኝ ደስ ይለኛል። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚገኙ አረጋውያን መሪጌቶች ያሉት ገና በሕይወት ነው። ኮዳይ በሰም የቀዳውን ዛሬ የማንኛውም ዲያቆን ስልክ ይቀዳዋል። አንድ ዲያቆን በክረምት ወራት ከአንድ መሪጌታ ዘንድ ተቀምጦ ከዋዜማ እስከ ዋዜማ ያለውን ቢቀዳ፥ የመሪጌታውን ስም፥ መምህሩንና የተማረበትን ቦታ በወረቀት ቢያኖር፥ ለብራናው የጎደለው ድምፅ ይገኛል። ወጪውም ለአንድ ማኅበር ድግስ ከሚወጣው አይበልጥም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በስድሳ ዓመታቸው፥ ሚያዝያ 30 ቀን 1990 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ዐረፉ። በኢትዮጵያ ማግሥቱ የእመቤታችን የልደታ በዓል ነበረ፤ በዐሥራ አንደኛውም ቀን፥ ግንቦት 11፥ የቅዱስ ያሬድ በዓል በየደብሩ ተከበረ።